ፎቶ መነሳት ስለተከለከለው ጥሩር

ለክቡር አቶ ሚሳኤል
የዋርካ የጥንታዊ የጦር ዕቃዎች ቤተ መዘክር ሥራ አስኪያጅ
ብስራተ ገብርኤል፣ አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለጉልበትዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። ጉልበትዎን ለብቻው ያነሳሁት በድፍረት ሳይሆን፣ የተጋጨ ዕለት እዚያው አዳራሽ ውስጥ ስለነበርኩና ሁኔታው እስከዛሬ ከዓይኔ ስላልጠፋ ነው፤ ቦታው ላይ ስደርስ በሚገባው አክብሮት አነሳዋለሁ።

ታሪኩ ላምቤቦ እባላለሁ። ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ የብየዳ ሥራ እሠራለሁ፤ በርና መስኮት፣ የደረጃ መደገፊያ፣ አንዳንዴም የተሰበረ የሕፃን አልጋ። እኔንና ቤተ መዘክርዎን ያገናኘችን ባለቤቴ ጤናዬ ናት። ጤናዬ ዕድሜዋን በስፌት መኪና ፊት ያሳለፈች ሴት ስትሆን፣ ጀሞ ባለው ቤተ ክርስቲያናችን ለልጆች ድራማ ልብስ የምታዘጋጀውም እርሷ ናት። ባለፈው ጥቅምት ልጆቹ ወታደሮች ያሉበት ድራማ ሊያቀርቡ ሲነሱ፣ ምሳ ላይ ቁጭ ብለን ሳለ፣ «ታሪኩ፣ ጥሩር የሚለውን ቃል መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ስንት ዓመት ሙሉ ስናነበው ኖርን፤ ምን እንደሚመስል ግን ታውቃለህ?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። አርባ ዓመት ብረት ሲነካ የኖረ ሰው ከብረት የተሠራ ልብስ አይቶ አለማወቁ ምን ያህል እንደሚያሳፍር ብረት ለማይነካ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። በማግስቱ ሱቄን ዘግቼ ወደ እናንተ መጣሁ።

እውነት እላለሁ፣ ጥሩሩን ሳየው ኮፍያዬን አወለቅሁ። ከሩቅ ሲያዩት ግራጫ ሹራብ ይመስላል፤ ሲቀርቡት ግን በሺህ የሚቆጠሩ ትናንሽ የብረት ቀለበቶች ናቸው፤ እያንዳንዱም ቀለበት አራት ጎረቤቶቹን ጨብጦ ይዟል። የቀለበቱ ሁለት ጫፎች ተጠፍጥፈው፣ ተበስተው፣ ከጎመን ዘር በማትበልጥ ብስማር ተያይዘዋል። የሠራው ማንም ይሁን ማን፣ እኔ በመነጽር የማልችለውን ሠርቷል። ስሙን ለማወቅ ከሥሩ ያለውን ወረቀት አነበብኩ። «የብረት ጥሩር። ዘመን፦ በመጣራት ላይ። ሠሪ፦ በመጣራት ላይ» ይላል። ወረቀቱ ቢጫ ከመሆኑ የተነሳ ማጣራቱ የተጀመረበት ዘመን ራሱ መጣራት ሳያስፈልገው አይቀርም። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፣ ለብረት ስላላችሁ ርኅራኄ አመሰግናለሁ። ቀለበቶቹ እንዴት እንደተያያዙ ቤት ወስጄ ለማጥናት ስልኬን ከኪሴ ሳወጣ፣ ሃምዛ የሚባለው የአዳራሹ ጥበቃ ቀስ ብሎ ቀረበኝና፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ፎቶ ክልክል ነው» አለኝ። ምክንያቱን ስጠይቅ ራሱን እያከከ ወደ ሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዋ ወደ ወይዘሪት ውዳሴ ወሰደኝ፤ እርሷም የስልክ ብርሃን ቅርስ እንደሚያስረጅ በትዕግሥት አስረዳችኝ። የእኔ ስልክ ፍላሹ ከሞተ ሁለት ዓመት እንደሆነው ብነግራትም መመሪያው የሞተና ያልሞተ ፍላሽ አይለይም አለችኝ። ተቀብዬ ወጣሁ። በመንገዴ ላይ ግን፣ ከጥሩሩ ራስ በላይ ሁለት ክንድ ከፍ ብሎ የተሰቀለውን፣ ጠዋት ተበርቶ ማታ የሚጠፋውንና የእኔን ግንባር በአምስት ደቂቃ ውስጥ በላብ ያጠመቀውን ፓውዛ ቀና ብዬ አየሁት። እርሱ ምናልባት ቅርስ የሚያድስ ዓይነት ይሆናል ብዬ መንገዴን ቀጠልኩ።

ሁለተኛ፣ የተሟላ ፎርም ስላዘጋጃችሁ አመሰግናለሁ። ከወረዳ የድጋፍ ደብዳቤ ይዤ እንድመጣ ታዘዝኩ፤ ወረዳው ደግሞ አስቀድሞ የእናንተን ጥያቄ በጽሑፍ ማየት እንደሚፈልግ ነገረኝ፤ በሁለታችሁ መካከል አራት ጊዜ ከተመላለስኩ በኋላ ወይዘሪት ውዳሴ አዘነችልኝና ፎርሙን ያለ ደብዳቤ ሰጠችኝ። ፎርሙ ፎቶ የሚነሳበትን ምክንያት ሲጠይቅ ሦስት ምርጫ አለው፤ «ለምርምር»፣ «ለዜና» እና «ለሠርግ»። ለልጆች ድራማ የሚል የለም። ሦስተኛውን ምርጫ የማተሚያ ቤት ስህተት መስሎኝ ነበር፤ ቅዳሜ ስመጣ ግን አንድ ሙሽራና ሙሽሪት ከስድስት ሚዜ ጋር አዳራሹን ሞልተው አገኘሁ። ሙሽራዋ አበባዋን ጦሩ ጫፍ ላይ ሰክታለች፤ አንደኛው ሚዜ የብረት ራስ ቁሩን ደፍቶ እየሳቀ ነው፤ ፎቶ አንሺው በእያንዳንዱ ብልጭታ ግድግዳውን ነጭ ያደርገዋል። ሃምዛ ጥግ ላይ ቆሞ ዓይኑን ጨፍኗል። እኔም ሦስተኛው ምርጫ ላይ ምልክት ለማድረግ ስል ጤናዬን እንደገና ላገባት አሰብኩ፤ ሠላሳ አራት ዓመት ካየችኝ በኋላ ድጋሚ እሺ ማለቷን እርግጠኛ ስላልሆንኩ ግን ተውኩት።

ሦስተኛ፣ ሥዕሌን ስለጠበቃችሁልኝ አመሰግናለሁ። ካሜራ ከተከለከለ ዓይን አልተከለከለም ብዬ ደብተርና እርሳስ ይዤ መጣሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ከጥሩሩ ፊት ተቀምጬ የቀለበቶቹን አያያዝ፣ የአንገቱን አቆራረጥ፣ የትከሻውን ረድፍ እየቆጠርኩ ሳልኩ። ሃምዛ የራሱን ወንበር ነበር የሰጠኝ። በሦስተኛው ቀን አንድ የአስተዳደር ሰው አይቶኝ ወደ ቢሮ አስጠራኝና፣ ሥዕሉ «በእጅ የተነሳ ፎቶ» ሆኖ ስለተገኘ ገጹ ከደብተሬ ተገንጥሎ በፋይል ተቀመጠ፤ ለእኔም «አንድ ገጽ ሕገወጥ ምስል ተረክበናል» የሚል ማህተም ያለበት ወረቀት ተሰጠኝ። በሕይወቴ የሳልኩት ነገር በማህተም ሲረጋገጥ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ወረቀቱን ቤቴ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ድራማው ግን አልጠበቀንም። ጤናዬ ከነገርኳት ተነስታ በግራጫ ክር አራት ጥሩር በእጇ ሠራች፤ ልጆቹ በኅዳር መጨረሻ እሑድ ለብሰውት ወጡ፤ ከሦስተኛው ረድፍ ወንበር ወደኋላ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ብረት መስሎት አጨበጨበ። ስለዚህ ጉዳዬ በዚህ ሊያበቃ ይችል ነበር። ያላበቃው በአራተኛው ምክንያት ነው።

አራተኛ፣ ለማስረጃ ስለምትሰጡት ክብር አመሰግናለሁ። ያን ሦስት ቀን ስስል ያየሁት ሌላ ነገር ነበር። ጥሩሩ የተሰቀለው ኮት በሚሰቀልበት ተራ ማንጠልጠያ ነው፤ ያ ሁሉ ክብደት በሁለት የሽቦ ጫፍ ላይ አርፎ ትከሻው ላይ ያሉት ቀለበቶች እየተከፈቱ፣ እየረገፉ ነው። ወለሉ ላይ አንዱን አይቼ ላነሳ ስጎነበስ ሃምዛ ቀደመኝ፤ አንስቶ፣ በመሀረቡ ጠርጎ፣ ከኪሱ ባወጣው የክብሪት ቀፎ ውስጥ ከተተው።

«በየቀኑ ነው?» አልኩት።

«በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን፤ ከሰኔ ጀምሮ» አለኝ። «መዝገቡ ላይ እየጻፍኩት ነው ጋሼ። ከመጻፍ በላይ ሥልጣን የለኝም።»

እኔም ያለኝ ሥልጣን መናገር ብቻ ስለነበር፣ ሥዕሌ በተወሰደ በሳምንቱ ቀጠሮ አስይዤ ቢሮዎ ገባሁ። ያስታውሱኛል ብዬ አልገምትም፤ ስልክ ላይ ነበሩ። ጥሩሩ በራሱ ክብደት እየተቀደደ መሆኑን፣ ከማንጠልጠያው ወርዶ ጠረጴዛ ላይ ቢተኛ ለጊዜው እንደሚድን ነገርኩዎት። እርስዎም በታላቅ ጨዋነት፣ «አባት፣ እንዲህ ያለ ከባድ አቤቱታ በማስረጃ መደገፍ አለበት። ፎቶ አንስተው ያምጡና እናየዋለን» አሉኝ።

ክቡር ሆይ፣ ያን ዕለት ከቢሮዎ እስከ ታክሲው ድረስ ብቻዬን እየሳቅሁ ነው የሄድኩት። ታክሲ ውስጥ ስገባ ግን ሳቁ ለቀቀኝና ተናደድኩ።

ከዚህ በኋላ ያለውን በተራ ቁጥር ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ስለዚህ እንደሆነው እነግርዎታለሁ።

በታኅሣሥ ወር አጋማሽ፣ ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ያቺን የተወሰደች ገጽ እንድትመልሱልኝ ለመለመን መጥቼ ነበር። እርስዎ እንግዶች ይዘው አዳራሹን እያስጎበኙ ነው። የእንግዶቹ ስልክ በሙሉ በር ላይ ተሰብስቧል። እርስዎ ረጅሙን የማሳያ ዱላ ይዘው ከጥሩሩ ፊት ቆሙና፣ «ይህ ልብስ ጦርም፣ ጎራዴም፣ ዘመንም ያልበገረው ነው» አሉ፤ ሃምዛም «ጌታዬ፣ እባክዎ አይንኩት» ሲል ሁላችንም ሰማነው፤ እርስዎም «ያልበገረው» የሚለውን ቃል ለማጠንከር ትከሻውን በዱላው ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉት።

ዘመን ያልበገረው ልብስ አንድ ጆንያ ሚስማር ከፎቅ የፈሰሰ ያህል ድምፅ አሰምቶ ወለሉ ላይ ተዘረገፈ። እንግዶቹ ጮኹ። እርስዎ ወደኋላ ዘለው ትልቁን ጋሻ መከታ አደረጉት፤ ጉልበትዎ የተጋጨው ያን ጊዜ ነው። ባየሁት መጠን፣ በቤተ መዘክርዎ ውስጥ ካሉት ዕቃዎች መካከል በዚህ ዘመን ለተሠራበት ዓላማ የዋለው ያ ጋሻ ብቻ ነው። ሃምዛ ግን ወደኋላ አላለም። ወለሉ ላይ ተንበርክኮ፣ ቀለበቶቹ በሰው እግር እንዳይረገጡ በሁለት እጁ ከቦ ይዞ፣ «አትንቀሳቀሱ፣ እባካችሁ ማንም አይንቀሳቀስ» ይል ነበር።

የዚያን ቅጽበት የሚያሳይ አንድም ፎቶ የለም። የፎቶ ክልከላው እስካሁን አንድን ሰው ብቻ ነው የጠቀመው፤ ማንን እንደሆነ ለማጣራት ግን ኮሚቴ የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

በሳምንቱ ሃምዛ «ቅርሱን በአግባቡ ባለመጠበቅ» ከሥራ ታገደ። አሥራ አንድ ዓመት ያገለገለ ሰው ነው።

በጥር መጀመሪያ ወይዘሪት ውዳሴ ሱቄ ድረስ መጣች። የቀለም ቆርቆሮ ገልብጬ መቀመጫ ሰጠኋት። ጥሩሩን የሚጠግን ሰው መፈለጋችሁን ነግራኝ፣ «ግን ጋሽ ታሪኩ፣ ሳይወድቅ በፊት እንዴት እንደነበር የሚያሳይ ምንም ነገር የለንም» አለችኝ።

«ፎቶ አላነሳችሁትም?» አልኳት።

«ክልክል ነው እኮ» አለችና ቀና ብላ አየችኝ። መጀመሪያ እርሷ ሳቀች፤ ቀጥሎ እኔ። ስቀን ስንጨርስ ከቦርሳዋ ፋይል አወጣች፤ ከፋይሉም ማህተም ያረፈባትን ያቺን ሕገወጥ ገጽ አወጣች። እነሆ፣ ጥሩሩን ለመመለስ በአገሩ ሁሉ የተገኘው ብቸኛ ሰነድ እርሷ ሆና ተገኘች። ለጠበቃችሁልኝ ያመሰገንኩት ለዚህ ነው፤ ይህኛው ምስጋና ከልቤ ነው።

ሥራውን እሺ ባልኩ በሁለተኛው ቀን ሃምዛ ቤታችን መጣ። እርሱም የሚኖረው ጀሞ ነው፤ ከእኛ ቤተ ክርስቲያን ብዙም አይርቅም። አንድ ፌስታል ይዟል። ጤናዬ ሻይ ስታቀርብለት ፌስታሉን ጠረጴዛችን ላይ ቀስ አድርጎ ፈታው፤ ስልሳ አንድ የክብሪት ቀፎ ነው፤ በእያንዳንዱ ላይ በእስክሪብቶ ቀኑ፣ ሰዓቱና ቀለበቱ የወደቀበት ቦታ ተጽፏል። «ቀኝ ትከሻ»፣ «አንገት ሥር»፣ «ግራ እጅጌ»። ተቀብሎ የሚፈርምለት ሰው ስላጣ መደርደሪያው ውስጥ ሲያጠራቅማቸው ነበር፤ ሲያግዱት መደርደሪያህን አጽዳ አሉት፤ መጣያ ውስጥ እንዳይደፉ ብሎ ይዟቸው ወጣ።

«ይህን ለመከላከያህ ማቅረብ ነበረብህ፤ ለእኔ ለምን ታመጣዋለህ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ እኔን አገዱኝ እንጂ ልብሱ ምን አደረገ?» አለኝ። «ቀለበቶቹ የእርሱ ናቸው። ይግቡለት።»

ጤናዬ ይህን ስትሰማ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እኔም ሻዬን ሳልፈልግ አማሰልኩ።

ቀለበቶቹን በማግስቱ ለወይዘሪት ውዳሴ በዝርዝር አስረክቤ፣ አዳራሽዎ ውስጥ ተቀምጬ አምስት ሳምንት ሠራሁ። ጤናዬ የመጀመሪያውን ቀን ልታይ መጥታ ማንጠልጠያውን ስታይ፣ «ሹራብ እንዲህ ይሰቀላል እንዴ? ትከሻው ባይቀደድ ነበር የሚገርመው» አለች፤ ከዚያም ሄዳ ከአቡጀዴና ከጥጥ ሰው የሚያክል ደረት ሰፍታ አመጣች። ጥሩሩ አሁን ያረፈው እርሱ ላይ ነው። እኔም በሥዕሌ ላይ እየቆጠርኩ፣ በቀፎዎቹ ላይ የሃምዛን ጽሕፈት እያነበብኩ፣ እያንዳንዱን ቀለበት ከአራት ጎረቤቶቹ ጋር አስታረቅሁ። ሠሪውን አላውቀውም፤ ግን አምስት ሳምንት ሙሉ አብሬው የሠራሁ ያህል ተሰምቶኛል፤ የብስማሮቹን አመታት ሳይ ግራኝ ሳይሆን አይቀርም።

የቀፎዎቹን ቀን ለማመሳከር ስፈልግ ወይዘሪት ውዳሴ የጥበቃውን ዕለታዊ መዝገብ አመጣችልኝ። ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ አነበብኩት። ሃምዛ ቀለበት የወደቀበትን አንድም ቀን አልዘለለም። «ዛሬ አምስት ቀለበት ወድቋል፤ ማንጠልጠያው ይቀየር።» «ዛሬ ሁለት፤ ማንጠልጠያው ይቀየር።» «ዛሬ ዘጠኝ፤ ጥሩሩ ሊወድቅ ስለሚችል አስቸኳይ ውሳኔ ይሰጠው።» በየገጹም ግርጌ፣ በሰማያዊ ቀለም፣ «አይቻለሁ» የሚል የእርስዎ የእጅ ጽሑፍና ፊርማ አለ። ፊርማዎ በጣም ያምራል። የሚፈርሙበትን አንብበው የማያውቁ ሰው እንዲህ ያለ ፊርማ ለማሳመር ጊዜ ማግኘትዎ አይደንቅም።

አሁን የቅዳሜው ድግስ የጥሪ ካርድ ደርሶኛል፤ «የታደሰው ጥሩር ለሕዝብ ይፋ ይሆናል» ይላል፤ የክብር እንግዶች ይመጣሉ፤ ካሜራም ለዚያ ቀን ተፈቅዷል። ስለ ጥሪው አመሰግናለሁ። ነገር ግን አዳራሹን ገብተው ቢያዩት፣ ጥሩሩ ከአንገቱ እስከ ወገቡ፣ ቀኝ እጅጌውንም ጨምሮ፣ ሙሉ ነው፤ ግራ እጅጌው ግን የለም። ምንም አልጎደለበትም፤ ተገንጥሎ የወደቀው እጅጌ፣ በአሥራ ሦስት የክብሪት ቀፎ ካሉት ማያያዣ ቀለበቶቹ ጋር፣ እናንተው ካዝና ውስጥ አለ፤ ወይዘሪት ውዳሴ ፈርማ ተረክባለች። እኔ ዘንድ ያለው ፒንሳው ብቻ ነው። ሥራው የአንድ ቀን ተኩል ነው።

ሌላ በያጅ መፈለግ መብትዎ ነው፤ የሕገወጧን ገጽ ቅጂም አልከለክለውም። እኔ ግን እጅጌውን የምሠራው በሩን ሃምዛ የከፈተልኝ ዕለት ነው፤ የደንብ ልብሱን ለብሶ፣ እገዳው በጽሑፍ ተነስቶለት፣ የታገደበትም ምክንያት ከፋይሉ ወጥቶ። ረቡዕ ጠዋት ከመለሱት ቅዳሜ ይደርሳል። ካልመለሱትም የክብር እንግዶቹ አንድ እጅ የሌለውን ጥሩር አይተው ለምን ብለው ይጠይቁዎታል፤ ያኔ መልሱን የሚያውቅ ሰው ቢፈልጉ እኔም ጤናዬም ሁለተኛው ረድፍ ላይ እንቀመጣለን።

ረቡዕ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ፒንሳውን ዘይት ቀብቶ ከበርዎ ማዶ የሚጠብቅዎ፣ በማህተም የተረጋገጠ የሕገወጥ ምስል ባለቤት፣

ታሪኩ ላምቤቦ
በያጅ፣ ሀይሌ ጋርመንት

ግልባጭ፦
ለወይዘሪት ውዳሴ፤
ለሃምዛ፤
ለጤናዬ፣ ደብዳቤውን አስቀድማ አንብባ ሦስት ስድብ ላወጣችበት።

ማሳሰቢያ፦ ይህን ሁሉ በግልባጭ ከማሰራጨት ይልቅ ግቢያችሁ ውስጥ ባለው የአስተያየት መስጫ ሳጥን ባስገባው እመርጥ ነበር፤ ሞክሬም ነበር። ሳጥኑ ግን እስከ አፉ ሞልቶ ወረቀት አይቀበልም። ይከፈትልኝ ብዬ ቁልፉ የት እንዳለ ስጠይቅ፣ እንዳይጠፋ ተብሎ ሳጥኑ ውስጥ እንደተቀመጠ ተነገረኝ።